ከ«ስንት አመጣህ?» በኋላ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር የአገሩ ወሬ ሁሉ ስለ ተማሪዎቹ ይሆናል። ስንት ተፈተኑ፣ ስንቱ ግማሽና ከዚያ በላይ አመጡ፣ ከፍተኛውን ነጥብ ያስመዘገበችው ከየት ነች፣ የትኛው ትምህርት ቤት ያስፈተናቸውን በሙሉ አሳለፈ። ስለ ወላጆች ግን የሚጠይቅ የለም። ውጤቱ በቴሌግራም ወይም በድረ ገጽ ከታየበት ደቂቃ ጀምሮ በየቤቱ የሚሆነው ነገር፣ አባት የሚለው፣ እናት የምትለው፣ ሁለቱም ዝም ካሉ ደግሞ ዝምታቸው፣ የቤተሰብ ገመና ተብሎ ይታለፋል። እኔ ግን ጉዳዩ የሚታለፍ አይመስለኝም። በስልክ ላይ የመጣው ቁጥር ልጁ ለሚቀጥለው እርምጃ የሚጠቀምበት መረጃ ይሁን ወይስ በማንነቱ ላይ የተሰጠ ፍርድ፣ በአብዛኛው የሚወሰነው ወላጅ በዚያ ሰሞን በሚሰጠው ምላሽ ነው። ፈታኙ መሥሪያ ቤት ነጥቡን ይልካል፤ ነጥቡ ምን ማለት እንደሆነ ለልጁ የሚነግረው ቤቱ ነው። በዚህ ምዕራፍ የማስረዳው ይህንን ነው።

ከቁጥሮቹ እንጀምር፤ ምክንያቱም ብዙው የወላጅ ቁጣ የሚነሣው ቁጥሩን ከማወቅ ሳይሆን ካለማወቅ ነው። የ2014 የትምህርት ዘመን ተፈታኞች ለመጀመሪያ ጊዜ ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ ተፈተኑ። ውጤቱ በጥር 2015 ሲገለጽ ፈተናውን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆነው ተገኙ። ከመቶ 3.3 ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። በ2014 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ነበሩ፤ በ2015 ወደ 1,328 ከፍ አሉ፤ ይህም ካስፈተኑት ትምህርት ቤቶች ከመቶ አርባ በላይ የሚሆኑት መሆናቸው ነው። እነዚህን አኃዞች ይዞ አንድ ጥያቄ መጠየቅ ይበቃል፦ ከመቶ ተፈታኞች ዘጠና ሰባቱ ሲወድቁ የውድቀቱ ምክንያት የአንዱ ልጅ ስንፍና ሊሆን ይችላል? ስንፍና ከቤት ቤት፣ ከልጅ ልጅ ይለያያል። አንድ ሙሉ ትምህርት ቤት፣ ደረጃ የወጣችውን ጎበዝ ተማሪ ጨምሮ፣ ያለ አንድ አላፊ ሲቀር ግን የምናየው የትምህርት ቤቱን አቅም ነው፤ የመምህራኑን ዝግጅት፣ ያልተከፈተውን ቤተ ሙከራ፣ ያልደረሰውን መጽሐፍ፣ ሳያነቡ ከክፍል ክፍል የተዘዋወሩበትን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ሁሉ ነው። በዚያ ላይ የ2014 ተፈታኞች አብዛኞቹ ኮቪድ በ2012 መጋቢት ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። ጦርነት ባለባቸው አካባቢዎች ያሉት ደግሞ ከዚያም በላይ የትምህርት ጊዜ ጠፍቶባቸዋል። ይህ ሁሉ ሲባል ልጁ የራሱ ድርሻ የለውም ለማለት አይደለም። ድርሻው ስንት እንደሆነ ነጥቡ ብቻውን አይናገርም፤ ወላጅ ግን በመጀመሪያዋ ደቂቃ ሁሉንም የልጁ ድርሻ አድርጎ ያነበዋል።

ከዚህ ንባብ የሚወለደው የመጀመሪያው ስህተት ታላቅን ከታናሽ ማወዳደር ነው። «እህትህ በዚሁ ቤት፣ በዚሁ ትምህርት ቤት ተምራ አልፋ የለም ወይ?» የሚለው ንግግር በብዙ ቤት ይሰማል፤ ፍትሐዊም ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱ ልጆች የተፈተኑት አንድ ፈተና አይደለም። ከ2014 በፊት ተማሪው በራሱ ወይም በአካባቢው ትምህርት ቤት ይፈተን ነበር፤ ኩረጃው በግል መሆኑ ቀርቶ በቡድን፣ አንዳንድ ቦታም በፈታኞች ድጋፍ ጭምር ይፈጸም እንደነበረ ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ተናግሯል። በ2008 የእንግሊዝኛው ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ሾልኮ በመውጣቱ ፈተናው በአገር አቀፍ ደረጃ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱም የሚታወስ ነው። መግቢያ ነጥቡም ቢሆን በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲዎች ባላቸው ቦታ ልክ የሚወሰን፣ በጾታና በክልል የሚለያይ ነበር፤ ከግማሽ በታች ያለ ነጥብ ያስገባበት ጊዜ አለ። አሁን መስመሩ ለሁሉም 50 በመቶ ነው። ስለዚህ እህቱ ያለፈችበትን ዓመትና እሱ የወደቀበትን ዓመት አንድ ላይ አስቀምጦ መፍረድ ቁመታቸውን በተለያየ ክንድ ለክቶ እሷ ትበልጣለች እንደ ማለት ነው። እህትየዋ በኩረጃ አለፈች ማለቴ አይደለም፤ በሐቅ የሠሩ እጅግ ብዙ ነበሩ። እያልኩ ያለሁት ሁለቱ ነጥቦች የሚነጻጸሩ አይደሉም ነው፤ የማይነጻጸር ነገር አነጻጽሮ የተሰጠ ፍርድ ደግሞ ለእህትማማችና ለወንድማማች ፍቅር የሚያተርፈው ቂም ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ከካርድ ይመጣል። ወላጅ ልጁ ምን ያህል እንደሚችል የሚያውቀው በሰሚስተር መጨረሻ ከሚመጣው ካርድ ነው፤ በካርዱ ላይ ደግሞ ዐይን ቀድሞ የሚያርፈው ደረጃው ላይ ነው። «ከ65 ተማሪ 4ኛ» የሚል ወረቀት ለአሥራ አንድ ዓመት ሲቀበል የኖረ አባት ልጁ ከ600 ነጥብ 210 አመጣ ሲባል ምን ይሰማዋል? የተታለለ ይመስለዋል። ቁጣው ላይም ያ ስሜት አለበት፤ «ስታጠና ነው የምትመስለኝ፤ ለካ ስልክ ላይ ነበርክ» ይላል። እውነታው ግን ሌላ ሊሆን ይችላል። ደረጃ የሚናገረው ልጁ ከክፍሉ ልጆች አንጻር የት እንዳለ ነው፤ ክፍሉ በሙሉ ምን ያህል እንዳወቀ አይናገርም። ማንም በማያልፍበት ትምህርት ቤት አራተኛ መውጣትም አራተኛ መውጣት ነው። በትምህርት ቤት የሚሰጠው ነጥብም መምህሩ ባስተማረው ልክ ከሚያወጣው ፈተና፣ ከቤት ሥራና ከተሳትፎ የተጠራቀመ ነው፤ ብሔራዊው ፈተና ግን ሥርዓተ ትምህርቱ ይማራል ያለውን ይጠይቃል። በሁለቱ መካከል ያለው ገደል ለልጁም እንደ ወላጁ ድንገተኛ ነው።

ይህ የወላጆች አለማወቅ የእኛ አገር ብቻ ችግር አለመሆኑን የሚያሳይ ጥሩ ጥናት ከማላዊ አለ። ርብቃ ዲዞን-ሮስ የተባለች የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመችው ሥራ፣ ወላጆች ስለ ልጆቻቸው ውጤት የሚገምቱትና ልጆቹ በትክክል ያመጡት ሰፊ ልዩነት እንዳለው አሳይታለች፤ ልዩነቱ የሚሰፋው በድሃና ባልተማሩ ወላጆች ዘንድ ነበር። ይበልጥ ትኩረት የሚስበው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ትክክለኛው ውጤት በሚገባቸው መልክ ሲነገራቸው ወላጆቹ ውሳኔያቸውን አስተካከሉ፤ ለየትኛው ልጅ ምን ዓይነት መጽሐፍ እንደሚያስፈልግ ምርጫቸው ከልጁ ደረጃ ጋር ይበልጥ ተስማማ። ወላጅ ቸልተኛ ወይም ጨካኝ አልነበረም ማለት ነው፤ መረጃ አልደረሰውም። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እውነተኛ መረጃ የሚደርሰው በ12ኛ ክፍል መጨረሻ ነው፤ ማለትም ምንም ለማድረግ እጅግ በረፈደበት ሰዓት። አስደንጋጭ መረጃ በረፈደ ሰዓት ሲመጣ ሰው የሚቀናው መጮኽ ነው፤ ይህን እረዳለሁ፤ ነገር ግን የሚጮኸው ከሁሉ ያነሰ ሥልጣን ባለው ሰው ላይ ነው።

አሁን ወደ ቁጣው ራሱ እንምጣ። ቁጣ ልጅን ያነቃል ወይስ ያደነዝዛል የሚለው ክርክር በእምነት ብቻ የሚፈታ መሆን የለበትም። አቭራሃም ክሉገርና አንጄሎ ዴኒሲ እ.ኤ.አ. በ1996 ሰው ስለ ሥራው ውጤት ሲነገረው ምን እንደሚሆን የመረመሩ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው አጠኑ፤ 607 የተለኩ ውጤቶችን መዘኑ። በአማካይ ሲታይ ለሰው ስለ ሥራው መንገር ሥራውን ያሻሽላል። ከሦስት እጅ አንድ እጅ በሚበልጠው ግን የኋላ ሥራ ከበፊቱ ባሰ። ልዩነቱን ለማስረዳት ያቀረቡት ሐሳብ፣ ንግግሩ የሰውየውን ትኩረት ወዴት ይወስደዋል የሚል ነው። ትኩረቱን ወደ ሥራው ከወሰደው ይጠቅማል፤ ወደ ራሱ ማንነት ከወሰደው ግን ሐሳቡ ሁሉ ራሱን በመከላከልና በማፈር ይጠመዳል፤ ሥራው ይረሳል። በዚህ ሚዛን በየቤታችን የሚነገሩትን እንመዝናቸው። «አንገቴን አስደፋኸኝ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ስለ ፊዚክስ ምንም አይናገርም። «የእገሌ ልጅ እኮ 480 አመጣች» የሚለውም ሒሳብ ላይ የት እንደተሳሳተ አያሳየውም። «ድሮም አውቄ ነበር» ይባስ ብሎ በሩን ይዘጋል። እነዚህ ንግግሮች ስለ ልጁ የሚመስሉ ናቸው፤ በእርግጥ ግን የሚናገሩት ስለ ወላጁ ፍርሃት ነው። ጎረቤት ይጠይቃል፣ ዘመድ ከሩቅ ይደውላል፣ እድር ላይ ይነሣል፣ በአሜሪካ ያለችው አክስት የላከችው የአስጠኚ ገንዘብ ትዝ ይላል። ፍርሃቱ እውነተኛ ነው፤ የአንድ ቤተሰብ የሃያ ዓመት ተስፋ በአንድ ቁጥር ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና። ነገር ግን የወላጅን ፍርሃት ልጅ እንዲሸከም ማድረግ ልጁ ነገ ጠዋት መጽሐፍ እንዲከፍት አይረዳውም።

ካይላ ሃይሞቪትዝና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ነገሩን ወደ ቤት ያቀርበዋል። ወላጆች ስለ አእምሮ ችሎታ የሚያምኑት ነገር ለልጆቹ እምብዛም እንደማይታያቸው፣ ስለ ውድቀት የሚያምኑት ግን በግልጽ እንደሚነበባቸው አገኙ። ውድቀት የሚጎዳ ነገር ነው ብሎ የሚያምን ወላጅ ልጁ ዝቅተኛ ነጥብ ሲያመጣ የሚጨነቀው ስለ ችሎታው ነው፤ ልጁም ጭንቀቱን አይቶ ችሎታ የማይለወጥ ነገር ነው ብሎ ይደመድማል። በዚህ ዘርፍ የሚሠሩ ጥናቶች ብዙ እንደተጋነኑ አውቃለሁ፤ የልጆችን እምነት በመለወጥ ብቻ ነጥብ ከፍ ይላል የሚለው ተስፋ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ሰፊ ግምገማ ሲታይ ውጤቱ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ወላጅ ቃሉን ቢያስተካክል ልጁ በሚቀጥለው ዓመት መቶ ነጥብ ይጨምራል እያልኩ አይደለም። ከዚህ ጥናት የምወስደው አነስ ያለ ነገር ነው፦ ልጅ የሚያነበው የምንሰብከውን ሳይሆን ውጤቱ በመጣ ሰዓት ፊታችን ላይ ያለውን ነው።

እንዲህ ሲባል ብዙ ደግ ወላጆች ወደ ተቃራኒው ጫፍ ይሄዳሉ፤ ያም ችግር አለበት። «ምንም አይደል ልጄ፣ ዋናው ጤና ነው» ይላሉ፤ ወሬውን ያስቀይሳሉ፤ ስለ ፈተናው ዳግም እንዳይነሣ ቤቱን በሙሉ ያስጠነቅቃሉ። በመጀመሪያው ምሽት ይህ ትክክል ነው፤ ከዚያ በላይ ሲቀጥል ግን ለልጁ ሌላ መልእክት ይደርሰዋል። አኒታ ራታንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ዝቅተኛ ነጥብ አመጣችሁ እንበል የተባሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመምህራቸው የተለያየ ምላሽ ቀረበላቸው። «አይዞህ፣ ሁሉም ሰው በሒሳብ ጎበዝ ሊሆን አይችልም» የሚል ማጽናኛ የተሰጣቸው፣ ምን ቢለውጡ እንደሚሻል ከተነገራቸው ይልቅ ተነሣሽነታቸው ቀነሰ፤ ለራሳቸው የገመቱት የወደፊት ነጥብም ዝቅ አለ። ርኅራኄው ውስጥ ያለውን ተስፋ መቁረጥ አነበቡት። የሦስት በመቶውን ቁጥር ይዞ «መንግሥት ነው የጣላችሁ፣ ያንተ ጥፋት የለበትም» ብሎ ማለፍም ከዚሁ ወገን ነው። ከላይ እንዳልኩት በአባባሉ ውስጥ ብዙ እውነት አለ። ነገር ግን ሁሉም ነገር ከውጭ ከሆነ ልጁ ምን ያድርግ? ለልጁ ሁለቱንም መንገር ይቻላል፤ መንገዱ አቀበት እንደነበረ፣ የሚቀጥለውን ግን እሱ እንደሚራመደው። የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ይህን ለመረዳት አያንሰውም።

እስካሁን የተባለውን አንብቦ «እኛን ያሳደገን ቁጣና አርጩሜ ነው፤ ይኸው ሰው ሆነናል» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አልጠራጠርም። ይህ ሙግት ክብደት የሚያገኘው ተናጋሪዎቹ የተሳካላቸው ሰዎች በመሆናቸው ነው፤ ድክመቱም እዚያው ላይ ነው። በማትሪክ ወድቀው በዚያው የቀሩት፣ ከቤት ኮብልለው የሄዱት፣ ዳግም ደብተር ያልነኩት ወጥተው ስለ አርጩሜ ምስጋና አይናገሩም። ከአንድ ክፍል አንዱ ተቆጥተውት ጎበዘ፣ አምስቱ ተቆጥተዋቸው ተሰበሩ እንበል፤ ከሃያ ዓመት በኋላ መድረክ ላይ ወጥቶ የምንሰማው አንዱን ነው። ቁጣ የጠቀመው ሰው የለም አልልም። ቁጣ ጠቀመው የምንለው ሰው ብዙ ጊዜ ከቁጣው ጋር ሌላ ነገርም ነበረው፤ ሌሊት አብራው የምትቀመጥ እናት፣ የሚያምንበት መምህር፣ ሁለተኛ የመፈተን ዕድል። ምስጋናውን ለአርጩሜው ብቻ መስጠት እነዚህን ባለውለታዎች መካድ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደኝ ሌላው ተቃውሞ ነው። ወላጅ ተስፋውን ዝቅ ካደረገ ልጁም ዝቅ ይላል፤ ድሃ ቤተሰብ ያለው ከትምህርት በቀር መውጫ የለም፤ ስለዚህ መግፋት ግድ ነው ይባላል። በከፊል እስማማለሁ። ኩ ሙራያማ ከባልደረቦቹ ጋር በጀርመን ባቫሪያ ወደ 3,500 የሚሆኑ ተማሪዎችንና ወላጆቻቸውን ለአምስት ዓመት ተከታትሎ ያገኘው ይህንኑ ያጸናል፤ ከፍ ያለ ምኞት ያላቸው ወላጆች ልጆች በሒሳብ ይሻሻሉ ነበር። ጥናቱ ግን በዚህ አላበቃም። የወላጁ ምኞት፣ ወላጁ ራሱ ልጄ በእርግጥ ይደርስበታል ብሎ ከሚጠብቀው በላይ ሲሆን ውጤቱ ተገለበጠ፤ የእነዚያ ልጆች የሒሳብ ነጥብ በየዓመቱ ወደ ኋላ ቀረ። ከ12 ሺህ በላይ በሚሆኑ አሜሪካውያን ተማሪዎች መረጃም ተመሳሳይ ነገር ታየ። የሚጎዳው እንግዲህ ከፍ ብሎ መመኘት አይደለም፤ ልጁ ያለበትን ሳያዩ መመኘት ነው። ይህ ደግሞ ወደ ካርዱ ይመልሰናል፤ ልጁ የት እንዳለ የሚያሳይ ሐቀኛ መረጃ ያላገኘ ወላጅ ምኞቱን በምን ይመጥናል?

የሴት ልጅን ጉዳይ ለብቻው ማንሣት ግድ ነው። ለወንድ ልጅ «በሚቀጥለው ዓመት ይሞክር» የሚል ቤተሰብ ለሴቷ ልጁ በዚያው ነጥብ ሌላ ውሳኔ ሲያሳልፍ ይታያል። ጋብቻ ይታሰባል፤ ወይም ፓስፖርት ይወጣና ወደ ዐረብ አገር የምትሄድበት ይመከራል። ቁጣ ላይኖርበት ይችላል፤ በሰላም፣ ቡና እየተጠጣ የሚወሰን ነው። ይህም ግን ለውጤት የተሰጠ ምላሽ ነው፤ ከስድብ ሁሉ የከፋውም ምናልባት እሱ ነው፤ ምክንያቱም አንዲት ወጣት በ12 ዓመት የተማረችው በሙሉ በአንድ ሳምንት ፈተና እንዲዘጋ ያደርጋል። ከላይ ያነሣኋቸው አኃዞች፣ ከመቶ ዘጠና የሚበልጡት በሚወድቁበት ፈተና መውደቅ ስለ አንድ ተፈታኝ የሚናገረው እጅግ ጥቂት እንደሆነ ያሳያሉ፤ ይህ ጥቂት መረጃ የማይመለስ ውሳኔ መሠረት ሊሆን አይገባም።

ነጥቡ ራሱም ሊሳሳት ይችላል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 በሕንድ ቴላንጋና ግዛት የኢንተርሚዲየት ፈተና ውጤት ሲወጣ ከ300 ሺህ በላይ ተማሪዎች ወደቁ። በቀጣዮቹ ቀናት ወደ 20 የሚጠጉ ወጣቶች ሕይወታቸውን ማጥፋታቸው ተዘገበ። ከዚያ ወዲህ የነጥብ አመዘጋገብ ስህተቶች መኖራቸው ታወቀ፤ በአንድ ትምህርት ዜሮ የተሞላላት ተማሪ በእርግጥ ያመጣችው 99 ነበር። የወደቁት ሁሉ ወረቀት እንደገና ሲመረመር ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎች አልፈው ተገኙ። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 የተሰጠው ኤስኤቲ የተባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና የመልስ ወረቀት በእርጥበት በማበጡ ምክንያት ማሽኑ በትክክል ሳያነበው ቀርቶ ከ4 ሺህ በላይ ተፈታኞች ከሚገባቸው ያነሰ ነጥብ ተሰጥቷቸው ነበር። እኛም ዘንድ ቅሬታ ማቅረቢያ መንገድ የተዘረጋው ስህተት ስለሚኖር ነው። ከዚህ የሚከተለው ሥራ ቀላል ነው፤ ወላጅ ከመናገሩ በፊት ነጥቡን በየትምህርቱ ይመልከት፤ ከልጁ የወትሮ ሥራ ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ ነገር ካየ በተሰጠው ቀን ውስጥ ቅሬታ ያስገባ። በዚያ ሳምንት ደግሞ ልጁ ብቻውን እንዳይሆን ያድርግ። ከምግብ የራቀ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ከሰው የተሸሸገ፣ «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ልጅ ካለ ሌላው ሁሉ ይቆይ፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት። ስለ ነጥብ የሚደረግ ምንም ዓይነት ንግግር ከዚህ አይቀድምም።

የተሳካላቸው ልጆችም ከዚህ ነገር ውጭ አይደሉም። ከ600 ነጥብ 500 ያመጣች ልጅ ምሽቱን እልልታ ትሰማለች፤ በማግስቱ ሕክምና እንደምትገባ ተወስኖ ይጠብቃታል። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ሙከራ፣ «አንተ እኮ ብልህ ነህ» ተብለው የተመሰገኑ የአምስተኛ ክፍል ልጆች በኋላ ከባድ ጥያቄ ሲገጥማቸው ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፤ ያመጡትን ነጥብ ለሌሎች ልጆች ሲጽፉም ከመቶ ወደ 40 የሚጠጉት ዋሹ። ማንነቱን በነጥብ ላይ የተከለ ልጅ ነጥቡ ሲወርድ የሚደብቀው አለው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ በመጀመሪያው ሰሚስተር ዝቅ ያለ ውጤት ስታገኝ ለቤተሰቧ የማትናገረው ልጅ ያን ዝምታ የተማረችው በእልልታው ምሽት ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ወላጅ ምን ይበል? የቃል ዝርዝር መስጠት አልወድም፤ ቤቱ ሁሉ የራሱ አነጋገር አለውና። ሦስትና አራት ቀን ካለፈ በኋላ ግን ነጥቡን በየትምህርቱ ዘርዝሮ አብሮ መቀመጥ ይቻላል፤ ማንበብ የማይችል ወላጅ እንኳ ልጁ እየነገረው ሊሰማ ይችላል። እንግሊዝኛው ዝቅ ብሎ ሌላውም አብሮ ከወረደ ችግሩ ባዮሎጂ ላይሆን ይችላል፤ ጥያቄውን አንብቦ የመረዳት ጉዳይ ነው። ሒሳቡ ብቻ ከወደቀ ሥራው ሌላ ነው። ከዚያ ያሉትን መንገዶች መቁጠር ይመጣል። የ2014ቱ ውጤት ከወጣ በኋላ ከ100 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽ ሳያመጡ በሪሜዲያል (በማካካሻ ትምህርት) ዩኒቨርሲቲ እንዲገቡ ተደርጎ ነበር። በግል እንደገና መፈተን አለ። ቴክኒክና ሙያ አለ፤ ይህን ብዙ ወላጅ እንደ ቅጣት ሲጠቅሰው ይሰማል፤ «ቴክኒክ ነው የምትገባው» በማስፈራሪያ ድምፅ ይባላል፤ አገሩ ግን የኤሌክትሪክ ባለሙያና በያጅ አጥቶ ሲቸገር ይታያል። ልጁ መንገዱን እንዲመርጥ ከተፈለገ አንዱ መንገድ አስቀድሞ የውርደት ስም ሊሰጠው አይገባም።

ቁጣው ግን የትም አይጥፋ፤ ለሚገባው አካል ይድረስ። በየትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አለ፤ በብዙ ቦታ የሚሰበሰበው ለግንባታ መዋጮ ነው። ያ ስብሰባ ከትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር የሚጠይቀው ነገር አለው፦ ባለፈው ዓመት ያስፈተናችኋቸው በየትምህርቱ በአማካይ ስንት አመጡ? ከእነሱ መካከል በካርዳቸው ከ80 በላይ የነበራቸው በብሔራዊው ፈተና ስንት አገኙ? የሒሳብ መምህር ሳይኖር ስንት ወር ታለፈ? ይህ ጥያቄ ሊቀርብ የሚገባው የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ማግስት በሐዘን መካከል አይደለም። ልጁ 9ኛ ክፍል በገባበት ዓመት፣ የመጀመሪያው ሰሚስተር ካርድ ሲታደል፣ ገና ሦስት ዓመት ተኩል ሲቀረው ነው።